አርፏል ብንል ባዶ ነው አሉ

ጎረቤቴ ጄቤ ከአጥር ወዲያ ለባሏ ስታወራ ሰማኋት። «የማማ ባይንዱ ጫካ ባዶ ነው ተብሎ ለዘንባባ ዘይቱ ኩባንያ ሊሰጥ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ትራክተር ይገባበታል» አለችው። ማማ ባይንዱ እኔ ነኝ። ሩዝ እየወቀጥኩ ነበር፤ ዘነዘናውን ወርውሬ ተነሳሁ።

ባዶ! ይሄን ቃል ማን እንዳመጣብኝ አጣሁት መሰላችሁ? ካቻምና አንድ የዩኒቨርሲቲ ሰውዬ መጥቶ፣ የካሳቫ ቅጠል ወጤን ጠራርጎ በልቶ፣ «ይሄን መሬት ማን ያርሰዋል?» አለኝ። «አርፏል» አልኩት። እኛ አንድ ዓመት ሩዝ ከዘራንበት በኋላ መሬቱን ለዓመታት እናሳርፈዋለን፤ ጫካ ለብሶ፣ ጉልበቱ ተመልሶ፣ ያኔ እንመለስበታለን። እሱ ሆዬ «ባዶ» ብሎ ጽፎ ሄደ። ኩባንያው ያንን ይዞ መጣ። የበላው ወጥ ይጠይቀው!

በዚያው ሰሞን ቴኔ የምትባል ልጅ «ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣሁት» ብላ ደጄ ስትቆም በመጥረጊያ ተቀበልኳት።

«ደግሞ ጠያቂ! አንዱ ጠይቆ መሬቴን ወሰደ፣ አንቺ ምን ልትወስጂ ነው? ጥርሴን?»

«ማማ፣ ሰውዬው መምህሬ ነበር። የጻፈውን ላፈርስ ነው የመጣሁት።»

«በምን ልታፈርሺው?»

«በሐሜት» አለች። «ድሮ ከአውሮፕላን የተነሱ የአገሩ ፎቶዎች አሉኝ። እርሻው ይታያል፤ የማን እንደሆነ ግን ፎቶ አይናገርም። ማን የት እንደዘራ፣ ያን ዓመት ምን እንደተወራ ንገሪኝ።»

ሐሜት ከሆነማ! ከጓደኛዬ ከሙሱ ጋር ሆነን ጫካውን አዞርናት።

«ንያንዴ ከከበሮ መቺው ጋር የጠፋች ዓመት ሩዙ እዚህ ነበር» አልኩ። «ወደዚያ ማዶ በዘራንበት ዓመት ደግሞ የሙሱ ባል ከወፍ መጠበቂያው ማማ ላይ ከማን ጋር እንደተያዘ...»

«ኧረ ተይ አንቺ፣ ልጅ ፊት!» አለች ሙሱ።

«ምን አገባሽ፣ ትጻፈው! ለመሬት ነው!»

ስንወለድ እትብታችን ተቀብሮ የተተከሉበትን የኮላ ዛፎችም አንድ በአንድ አሳየናት። ቴኔ ሐሜታችንን ከፎቶዎቹ ጋር ስታስተያየው ገጠመላት። እርሻው ከጫካ ጫካ ይዞራል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ ከእጃችን ግን ወጥቶ አያውቅም።

ለፍርድ የአገራችን ሹም ፊት የቀረብን ቀን ዳሱ ጢም ብሎ ሞላ። ቴኔ ፎቶዎቹን ዘርግታ የትኛው ኮላ የማን እትብት እንዳለበት ተናገረች። ሹሙ ጎንበስ ብሎ ፎቶው ላይ የእናቱን ኮላ አገኘ፤ ጣቱን ከላዩ ማንሳት አቃተው።

የኩባንያው ጠበቃ ግን ሳቀ። «ሰባት ዓመት ያልታረሰ መሬት ባዶ ነው። አርፏል ካላችሁማ እንቅበረው! መሬት ምን ደክሞት ነው የሚያርፈው?»

ሰዉ ሳቀ። የእኛው ሰዎች እኮ ናቸው የሳቁት! ደሜ ፈላ። ቴኔ ልትመልስ አፏን ስትከፍት፣ ሙሱ ሽርጧን ጠበቅ አድርጋ ብድግ አለች።

«ልጄ» አለችው፣ «እናትህ አንተን ወልዳ ጡት እስክታስጥልህ ከባሏ መኝታ ርቃ አርፋ ነበር። ያን ጊዜ ባዶ ናት ብሎ የገባ ሰው ነበር?»

ጠበቃው ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። እኔም፣ አፌ አርፎ የማያውቀው፣ እልልታዬን አቀለጥኩት።