አቡ ነጂብና የአደባባዩ ቆጠራ

በአይን ሸምሩን አደባባይ መንገዱ ሆዱን ስቦ የሚያልፍበት አንድ ጉሮሮ አለ። በአንድ በኩል የማር ኤልያስ ቤተ ክርስቲያን አጥር፣ በሌላው በኩል የአቡ ነጂብ ዳቦ ቤት። ሁለት መኪኖች እዚያ ከተገናኙ አንደኛው የጎን መስታወቱን አጥፎ፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እናት ሰድቦ ነው የሚተላለፉት። ጠዋት ወደ ባሕሩ ዳር ከተማ ለሥራ የሚወርደው ሰው ሁሉ እዚህ ይቆማል፤ ክላክስ ይነፋል፤ ይራገማል።

አቡ ነጂብ ደግሞ ዛዕተር የሚባል ቅመምና ዘይት የተቀባውን ትኩስ ቂጣ፣ ማኑሼ የምንለውን፣ በወረቀት ጠቅልሎ በመስኮት ያቀብላል። በመንደራችን አስቦበት ከቤቱ ወጥቶ ማኑሼ የገዛ ሰው የለም። መኪናው ይቆማል፣ ሽታው ይገባል፣ እጅ ይወጣል፤ በቃ። እኛ ያንን መጨናነቅ ስንረግም፣ እሱ ሦስት ልጆች አስተምሮበታል። ይህንን ደግሞ ከሱና ከሚስቱ ከኡም ነጂብ በቀር ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

እናም የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ሬይስ ተውፊቅ «የአደባባዩን መጨናነቅ አቃልላለሁ፣ የመኪና ማቆሚያውንም አስተካክላለሁ» ባለ ጊዜ ሁላችንም አጨበጨብን፤ አጨብጭበንም ስናበቃ እየተጠራጠርን ወደየቤታችን ገባን። ሃያ ዓመት ዝም ያለ ሰው ምን ነክቶት ነው ዛሬ የተነሳው? እርስ በርስ ከማይተማመኑት የመንደራችን ሁለት ሰፈሮች ላይ ሰፈር ነገሩ ለታች ሰፈር የተደገሰ ነው አለ። ታች ሰፈር ለላይ ሰፈር ነው አለ። አቡ ነጂብ ብዙ መመራመር አላስፈለገውም። የሬይሱ የሚስት ወንድም ከመንደሩ ውጭ፣ በሰፊው መንገድ ዳር፣ አሥር መኪና በሚያቆም ግቢ ውስጥ አዲስ ዳቦ ቤት ከፍቷል። መንገዱ ከጉሮሮው ወጥቶ በዚያ በኩል ከዞረ፣ የአቡ ነጂብ ምድጃ ለድመት መተኛ ይሆናል።

መሐንዲሷ በሐምሌ መጣች። ሚርና ትባላለች። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆማ፣ በእጇ ትንሽ የቆርቆሮ ነገር ይዛ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር በአውራ ጣቷ ቀጭ ታደርጋለች። እዚህ አገር የሰው ቆጠራ የሚባል ነገር ከአያቶቻችን ዘመን ወዲህ አልተደረገም፤ ማን በዛ ማን አነሰ የሚለው ጥያቄ ምን እንደሚያመጣ እናውቃለንና። ስለዚህ ያቺ ቀጭ የምትል ነገር መንደሩን እንቅልፍ ነሳችው። ለላይ ሰፈር መኪና አንዴ፣ ለታች ሰፈር ሁለቴ ትጫናለች ተባለ። በማግስቱ ተገላብጦ ተወራ።

አቡ ነጂብ ሊፈትናት ማኑሼ ይዞላት ወጣ።

«የቤቱ ግብዣ ነው ልጄ፣ ብዪ።»

«ሥራዬን እስክጨርስ ከማንም ምንም አልቀበልም። እባክዎ አይቀየሙኝ።»

ተቀየመ። ማታ ለሚስቱ፣ ጠግባ መጥታለች ማለት ነው፤ ከጠገበች ደግሞ የት እንደጠገበች ግልጽ ነው አላት። በማግስቱ መሐንዲሷ ራሷ መጥታ አንድ ማኑሼ አዘዘችና ሒሳቧን ከፍላ በላች። ይህ የባሰ ሆነ። የምትደብቀው ነገር የሌላት ሴት ምን አስጨንቋት ትከፍላለች?

ከዚያ ሬይሱ፣ ሐሙስ ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ የሚያልፈውም የቆመውም መኪና ሁሉ እንደሚቆጠርና የማቆሚያው ቦታ እንደየፍላጎቱ እንደሚከፋፈል አስታወቀ። «እንደየፍላጎቱ» የምትለዋ ቃል ከማዘጋጃ ቤቱ ወጥታ መድኃኒት ቤቱ ጋ እስክትደርስ መልኳን ቀየረች፦ ለየሰፈሩ የሚሰጠው ቦታ ያን ቀን አውጥቶ ባሳየው መኪና ልክ ነው ተባለ።

አቡ ነጂብ የራሱን ስሌት ሠራ። ሐሙስ ዕለት መጨናነቅ ከታየ መፍትሔ ይመጣል። መፍትሔ ከመጣ እሱ አለቀለት። ስለዚህ ያን ቀን አደባባዩ እንደ መቃብር ጸጥ ማለት አለበት። ዱቄቱን ከልብሱ አራግፎ በር ለበር መዞር ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ሰፈር፣ ጡረታ የወጣው የጉምሩክ ሰው ጆርጂ ቤት ገባ።

«ሐሙስ መኪናህን አታውጣት ጆርጂ። በእግርህ ውረድ።»

«ለምን?»

«ለልብህ ጥሩ ነው።»

«ስለ ልቤ ማን ጠየቀህ? ታች ሰፈሮች ናቸው የላኩህ?»

ታች ሰፈር ሲሄድም ጥያቄው አንድ ነበር፤ የላኪው ሰፈር ብቻ ተለወጠ። ሦስት ቀን ለፍቶ መላውን መንደር አዳረሰ፤ ማን እንደላከው ሲጠይቁት እየማለ፣ አላማውን ሲጠይቁት እየተንተባተበ። ሰውዬው ሊያሳንሰን ነው አልን። አቡ ነጂብ ጥቂት እንድንሆን ከፈለገ፣ ብዙ መሆናችን አንድ ሰው ሊጎዳ ነው ማለት ነው፤ ያ አንድ ሰው ደግሞ ሌላኛው ሰፈር ነው።

ሐሙስ ነጋ። ከአፍሪካ፣ ከአቢጃን፣ በዓመት አንዴ ብቻ የሚመጡ ዘመዶች ሸራ አልብሰው ያስቀመጧቸው መኪኖች ሸራቸውን ጣሉ። ጎማው የተነፈሰ ትራክተር በሌላ ትራክተር ተጎትቶ መጣ። ታች ሰፈሮች ሞተር የሌለውን አሮጌ ፔጆ፣ ውስጡ የታቀፉትን ዶሮዎች ሳያስወጡ፣ ገፍተው አደባባዩ መሃል አቆሙት። የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ አባ ኤልያስ እንኳን ወገንተኛ እንዳይባሉ ነው መሰለኝ የቀብር መኪናዋን አወጧት፤ ያን ቀን ግን የሞተ ሰው አልነበረም። ከጎረቤት መንደር አማች ያለው አማቹን ከነመኪናው ጠራ።

ፀሐይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ሳታልፍ አይን ሸምሩን ተቆለፈች። ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ። ክላክሱ መጀመሪያ በቁጣ፣ ቀጥሎ በልማድ፣ በመጨረሻ ለመዝናናት ተነፋ። መሐንዲሷ አውራ ጣቷ ዛለና ቀጭ የምትለዋን ነገር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። የራሷ መኪና ከዶሮዎቹ ፔጆ ኋላ ተቀርቅራ ነበር።

አቡ ነጂብ በሩ ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ እያየ የራሱን ሬሳ የሚሸኝ ይመስል ነበር። ሰዉ ግን ራበው። መኪናውን እየዘጋ በእግሩ መጣ። አጥሩ ላይ ተደርድሮ በላ፤ ቀና ብሎ የሰፈሩን መኪና ቆጠረ፤ ደግሞ አዘዘ። ኡም ነጂብ ለነገ ያስቀመጠችውን ሊጥ አወጣች፤ እሱም አለቀና እንደገና አቦካች። ለጥምቀትም ለፋሲካም ያን ያህል ሸጠው አያውቁም። አቡ ነጂብ አንዴም አልሳቀ።

ከሰዓት በኋላ መሐንዲሷ ገብታ በባዶ የቲማቲም ሳጥን ላይ ተቀመጠች።

«ሥራዬ ስላለቀ አሁን የቤቱ ግብዣ ከሆነ እበላለሁ» አለችው።

ሰጣት፤ ሲሰጣት ግን ዓይኗን እያየ ነበር። እየበላች ያሰበችውን በእርጋታ አስረዳችው። መኪና በዚህ ጉሮሮ ጨርሶ አያልፍም። ከላይ ያለው የድሮው የሐር መፍተያ ግቢ ተጠርጎ የሁሉም ማቆሚያ ይሆናል። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ወደ መድኃኒት ቤቱም፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱም የሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በዳቦ ቤቱ በር ላይ ያርፋል። ሬይሱ መንገዱ በውጭ በኩል እንዲዞር ጠይቋት እንደነበርም አልደበቀችውም፤ ግን ዙሪያው ረጅም ነው፣ አይረባም።

«ዛሬ የገዛዎት ሰው ሁሉ በእግሩ ነው የመጣው፣ አቡ ነጂብ። አላዩም?»

«ለኔ የሚጠቅም ነገር እንድትሠሪ ማነው ያዘዘሽ?»

«ማንም።»

«እሱ ነው ያስፈራኝ።»

ኡም ነጂብ እጇን ከሊጡ ሳታወጣ ሁሉንም ሰማች።

መንደሩ በዕቅዱ ላይ ድምፅ የሚሰጥበት ስብሰባ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። አቡ ነጂብ እስከዚያ ወጥመዱ የት እንዳለ ሲፈልግ ሰነበተ። ደረጃው ይሰበር ይሆን? ግቢውን ሬይሱ በድብቅ ገዝቶት ይሆን? መሐንዲሷ የሬይሱ ሚስት የአክስት ልጅ ትሆን? ምንም አላገኘም፤ ምንም አለማግኘቱ ደግሞ ነገሩ በደንብ የተደበቀ ለመሆኑ ማስረጃ ሆነለት። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ነገ ተነስቼ ዕቅዱን እቃወማለሁ ብሎ ለሚስቱ ነገራት፤ ነገራትና ክርክሯን ጠበቀ። ይህች ሴት ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሄደበት ሁሉ «ተው አቡ ነጂብ» እያለች የኖረች ናት።

አሁን ግን ተነስታ ካውያውን ሰካችው። ለልጃቸው ለነጂብ ሠርግ የለበሳትን ነጭ ሸሚዝ አውጥታ፣ ኮሌታውን ውሃ እየረጨች፣ እጅጌውን እያገላበጠች ተኮሰችለት።

«ከፊት ተቀመጥ» አለችው። «ድምፅህንም ከፍ አድርግ። ከኋላ ያሉት እንዲሰሙህ።»

እሑድ አቡ ነጂብ በነጭ ሸሚዙ ከፊት ተቀመጠ፤ መሐንዲሷ ካርታዋን ሰቅላ እንደጨረሰችም ተነሳ። ይህ ዕቅድ መንደሩን ያጠፋል አለ። ደረጃው ሽማግሌ ይሰብራል፣ ግቢው እባብ አለበት፣ መኪና የማያልፍበት አደባባይ አደባባይ አይደለም አለ። ድምፁ የኋላውን ረድፍ አልፎ ውጭ ያሉትን እርግቦች አስነሳ።

እኛ ላይ ሰፈሮች ተያየን። ባለፈው መኪና አታውጡ ያለን ይህ ሰው ነው፤ አሁን ደግሞ እንቢ በሉ ይለናል። እንግዲህ በዚህ ዕቅድ ውስጥ ለኛ የሚሆን፣ እነዚያ እንዳናገኘው የፈለጉት አንድ ነገር አለ። ጆርጂ ቀድሞ እጁን አወጣ፤ ሁላችንም ተከተልነው። ዞር ብለን ስናይ ታች ሰፈርም እጁን አውጥቷል። እርስ በርስ እየተገላመጥን፣ እጃችንን ለማውረድ ሌላውን ስንጠብቅ ቆየን። ማንም አላወረደም። ሬይስ ተውፊቅ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ስምምነት አይቶ ስለማያውቅ፣ ማን እንደሸወደው ለማወቅ ከዳር እስከ ዳር ፊታችንን መረመረ። የተቃወመ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሸሚዙ ያምር ነበር።

ከኋላ በር አጠገብ ከቆሙት ሴቶች መሃል ኡም ነጂብ ሻሿን አስተካክላ ቀስ ብላ ወጣች። ከወትሮው እጥፍ ሊጥ አቡክታ ነበር የመጣችው።

ወይራው ሲለቀም ሁሉም አልቆ ነበር። ጉሮሮው ላይ ትልልቅ የድንጋይ ገንዳዎች ተቀምጠው አበባ ተተከለባቸው። መኪናችንን መፍተያው ግቢ እናቆማለን (ጥላ ያለውን ጥግ ማን እንደሚይዘው የሚደረገው ጭቅጭቅ ሌላ ነው)፤ ከዚያ ደረጃውን ወርደን አቡ ነጂብ በር ላይ እናርፋለን። አሁን ወንበር አለው። የሬይሱ የሚስት ወንድም ዳቦ ቤቱን ዘግቶ በዚያ ሰፊ ግቢ ጎማ ይጠግናል።

አቡ ነጂብ ግን ሰላም አላገኘም። ሰው በተሰለፈ ቁጥር፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ምን ፈልጎ ነው የሚመጣው እያለ ከምድጃው ኋላ አጮልቆ ያያል። አንድ ጠዋት ተራዬን ስጠብቅ፣ የዳቦ ማውጫውን አካፋ ይዞ በድንገት ወደ ሚስቱ ሲዞር አየሁት።

«ኡም ነጂብ።»

«አቤት።»

«ያን ቀን ‹ተው› ማለትሽን ትተሽ ሸሚዜን ለምን ተኮስሽልኝ?»

ኡም ነጂብ ሊጡን ዘረጋች፤ ዛዕተሩን በጣቷ እስከ ጠርዙ አዳረሰችው።

«ተጨማዶ ነበር» አለችው።

እሱ እሷን ሲያይ ማኑሼዬ ጠርዟ አረረ።