ከአልጋ ሥር የተገኘው አፅም

«ቀስ በሉ እንጂ፣ ሰው ነው እኮ» አለች ጣይቱ፤ ሳጥኑን የያዙት ሴቶች እጃቸው ደርቆ ቀረ።

ወደ ጓዳ የገቡት ለእንግዶች መኝታ ሊያበጁ ነበር። ከጎጃም ድረስ የመጣ ለቀስተኛ መሬት ላይ ተኝቶ ጎኑ ተላልጧል ተባለና የሟቹ የመምህር ልዑልሰገድ አልጋ ሲገፋ፣ ከሥሩ አቧራ የጠጣ የጣውላ ሳጥን ወጣ። የሟቹ እኅት ጣይቱ ክዳኑን አነሣችው። ውስጡ በጥጥ ተደግፎ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ ዳለቻ ቀለም ያለው ረጅም አጥንት ተኝቷል። ጣይቱ አውጥታ ከገዛ ክንዷ ጋር አስተያየችው። ልኩ ያው ነው። ከዚያ አጥንቱን እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ጋሻዬ» አለች በቀስታ። «ወንድምዬ፣ እዚህ ኖረሃል ለካ።»

የሟቹ ሚስት አገርነሽ የንፍሮ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አየች። አጥንቱ የሰው አለመሆኑን ታውቃለች። እንዲያውም አጥንትም አይደለም፤ ጄሶ ነው። ከሐዋሳ የመጣችው ልጇ ኑኃሚንም ታውቃለች፤ «አክስቴ፣ ይሄ እኮ» ብላ ስትጀምር እናቷ ክንዷን ቆንጥጣ አስቆመቻት። ለምን እንዳስቆመቻት ግን አገርነሽ ራሷም ለጊዜው አልገባትም።

ጣይቱ ከወለሉ ተነሥታ መጣችና አገርነሽን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት። «እኅቴ፣ የወንድሜን አፅም ስትጠብቂልኝ ኖረሻል። እኔ ግን ቤትሽን ረግጬ አላውቅም።»

እውነቷን ነው። ልዑልሰገድ በባዮሎጂ አስተማሪነት አርባ ምንጭ ተመድቦ መጥቶ፣ ከጋሞ ደጋ የገረሴ ገበሬ ልጅ፣ ያውም ጴንጤ ሲያገባ፣ ጣይቱ ለሠርጉ አልመጣችም። በስልክ እንኳ «የልዑል ሚስት» ነበር የምትላት፤ ስሟ ለምላሷ የከበዳት ይመስል። ለቀብሩ መጥታም ከአገሯ ሰዎች ጋር ድንኳኑ አንድ ጥግ ስትቀመጥ፣ አገርነሽ ደግሞ የጋሞኛ መዝሙር ከሚዘምሩላት የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ጋር በሌላው ጥግ ነበረች። አንድ ሟች፣ ሁለት ለቅሶ። አሁን «እኅቴ» ተባለች። ባሏን በቀበረች ሰሞን እንዲህ ያለ ቃል የምትገፋ ሴት ካለች እሷ ከድንጋይ የተሠራች ናት።

የጣይቱም ስሕተት የሞኝ አልነበረም። በአገሯ ሰው ባዕድ ምድር ቢሞት፣ ዘመድ ዓመታት ቆይቶም ቢሆን አፅሙን አፍልሶ ከአባት ከእናቱ ጎን ያሳርፈዋል። ታናሽ ወንድማቸው ጋሻዬ በደርግ ጊዜ ለጦርነት ታፍሶ ሄዶ የወደቀበት አልታወቀም። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ልዑልሰገድ ሊፈልገው ወደ ሰሜን ወጥቶ ነበር፤ ሲመለስ «አጣሁት» ብቻ ነበር ያለው። እናታቸውም ልጄ ሞቷል አትበሉኝ እንዳሉ፣ ከገበታው ድርሻውን እያስነሡለት ኖረው ሞቱ። ታዲያ በነጠላ የተከፈነ አጥንት ከታላቅ ወንድሟ አልጋ ሥር ሲወጣ፣ ጣይቱ ሌላ ምን ታስብ?

አገርነሽ የሳጥኑን ነገር የሰማችው በተጋቡ ሰሞን ነው። ልዑልሰገድ በጀልባ ጫሞ ላይ ወስዷት፣ ኩልፎ ወንዝ ሐይቁን ከሚቀላቀልበት አጠገብ አዞዎቹ ተዘርረው ፀሐይ ሲሞቁ እያዩ ነበር። እሷ በፍርሃት እጁን ጨምድዳ ይዛለች፤ እሱ ይስቃል።

«የእነዚህን ዘመድ ቆፍሬ አውጥቻለሁ» አላት። «ከአውቶቡስ የማይተናነስ ነበር።»

ኩባ ሲማር፣ አስተማሪው ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ኮሎምቢያ ይዞት ሄዶ ኖሯል፤ ላ ቬንታ ወደሚባል ቁልቋል ብቻ ወደሚበቅልበት ደረቅ ምድር። ያ ምድር ከአሥር ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ወንዝና ጫካ ነበር። አሁን ዝናብ አፈሩን ባጠበው ቁጥር የጥንቱ አዞ ጥርስ፣ ጠረጴዛ የሚያህል የኤሊ ጀርባ ሽፋን፣ የዝንጀሮ መንጋጋ ብቅ ይላል። ከአዞው ሌላ፣ ልዑልሰገድ ብቻውን በሆዱ ተኝቶ በብሩሽ አፈር ሲጠርግ ከርሞ ያገኘው፣ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ከሚውል ዘገምተኛ አውሬ ወገን የሆነ የእንስሳ ክንድ ነው። ዋናው እዚያው አገር ሙዚየም ቀረ፤ እሱ በጄሶ ቀድቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ቅጂውን ይዞ መጣ።

«አፈር የያዘውን አይክድም» አላት ያን ቀን። «ታጋሽ ሰው ከመጣ ይመልሳል።»

አገርነሽ ስለ አውሬው ብዙም አልገረማትም። ይህን ሲል ዓይኑ እንባ ማቅረሩ ግን ገረማት። ስለ ጋሻዬ ገና አልነገራትም ነበር።

ጣይቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጥኑን ከአጠገቧ አላራቀችም። ፊቷ ፈካ። ሀለኮውን፣ የሽፈራው ቅጠሉን ወጥ፣ እህል አይወጣውም ስትል የነበረችው ሴት፣ አገርነሽ ስታጎርሳት እየሳቀች ትጎርሳለች። የአገርነሽን ስም እያቆላመጠች «አገሬ» ትላታለች። አንድ ከሰዓት ደግሞ ስልኳን ዘግታ፣ «ለቄሱ ተናገርኩ። ከእናቴ ጎን መቃብር እየተቆፈረ ነው፤ ከነገ ወዲያ ይዤው እሄዳለሁ» አለቻት።

አገርነሽ ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች፤ ከጓሮው የሙዝ ተክል ሥር ታላቅ ወንድሟን ዳልጮን ሰው እንዳይሰማ በጋሞኛ አማከረችው።

«ትውሰደው» አላት ዳልጮ። «ጄሶ ቢቀበር ማን ይጎዳል? ሴትየዋ ዐረፈች፣ አንቺም ዘመድ አገኘሽ።»

«ፍትሐት ሊፈታለት ነው እኮ፣ ለአውሬ።»

«እግዚአብሔር ያውቃል። እሷ ግን አታውቅም።»

ምክሩ ጣፋጭ ነበር፤ አገርነሽም ልትቀበለው ምንም አልቀራት። ግን ባሏ ትዝ አላት። በትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ የወፍ ክንፍ ላይ የተሳሳተ ስም ተለጥፎ ቢያገኝ እራቱን ትቶ ሲፍቅ የሚያመሽ ሰው ነበር። «ስሙን የሳቱበት ነገር ሁለት ጊዜ ይጠፋል» ይላል። ይህ ሰው ታዲያ አንድ ነገር ሸሽጎ ሞቷል፤ እሱን ደግሞ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

በሁለት ሺሕ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ልዑልሰገድ ተማሪዎች ይዞ ጫኖ ወደሚባል ቀበሌ የሙዝ እርሻ ሄዶ፣ ይፍሩ ከሚባል አንድ እግሩን በጦርነት ካጣ ዘበኛ ጋር ጨዋታ ጀመረ። የአንድ ክፍለ ጦር ነገር ተነሣ፤ ከዚያ የጋሻዬ ስም። ጋሻዬ ሲወድቅ ይፍሩ አጠገቡ ነበረ። እያፈገፈጉ ስለነበር አፈር እንኳ አላለበሱትም። ልዑልሰገድ ቤት መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«የአሥር ሚሊዮን ዓመት ሬሳ አግኝቻለሁ፤ የእናቴን ልጅ ግን አላገኘሁትም» አላት፤ እንደ ሕፃንም አለቀሰ።

መርዶውን ማድረስ የታላቅ ነው። እናቴን እንዴት ብዬ አለ፤ እናቱ ሞቱ። ለጣይቱ በአካል ሄጄ እነግራታለሁ አለ፤ አንዴ መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። እንዲህ ሲያሳድር በሽታ ቀደመው። ፈሪ አልነበረም ልዑልሰገድ፤ በዚህ ብቻ ፈራ። አገርነሽም ወደደችው እንጂ አልፈረደችበትም። አሁን ግን ዝም ካለች የምትሸኘው አንድ የጄሶ አጥንት ብቻ አይደለም፤ ያንን ፍርሃቱንም ከነሳጥኑ ነው።

መርዶ በማለዳ ነው፤ ብቻም አይገባበትም። በነጋታው ጎሕ ሲቀድ አገርነሽ ዳልጮን ቀሰቀሰችው። «ና፣ አጠገቤ ቁም» አለችው። እሱም ምክሩ ባይሰማለትም ጋቢውን አጣፍቶ ተከተላት።

ጣይቱ ሳጥኑን በአዲስ አቡጀዴ እየጠቀለለች ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ሽማግሌና ሴት፣ ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ጎን ለጎን ቆመው። ጨርቁ ከእጇ ወደቀ።

«መርዶ ነጋሪ ትመስላላችሁ» አለች።

«ነን፣ እትዬ» አለች አገርነሽ። «እባክዎ ይቀመጡ።»

«የማን መርዶ?»

«የጋሻዬ።»

ጣይቱ ወደ ሳጥኑ ተመለከተች። «እሱማ ይኸው ነው።»

«እሱ አይደለም፣ እትዬ። ልዑል ተማሪ ሳለ ከኮሎምቢያ ያመጣው ነው፤ የጥንት አውሬ ክንድ፣ በጄሶ የተቀዳ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እኅቴ ሲሉኝ አፌ ተያዘ።» ከዚያ ይፍሩ ያለውን፣ ምንም ሳታስቀር፣ አፈር አለመልበሱንም ጭምር ነገረቻት።

ዳልጮ መሬት መሬቱን ያያል። ጣይቱ የወደቀውን አቡጀዴ አነሣች።

«ልዑል ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር። መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ተመልሷል። ሲነግረኝ ያለቀሰውን ለቅሶ ቢያዩት አይጣሉትም ነበር።»

«እጣላዋለሁ እንጂ» አለች ጣይቱ። «እናቴ በየበዓሉ ድርሻውን ስታስነሣ፣ እኔ ውሻው በጮኸ ቁጥር በሩን ስከፍት፣ እሱ እያወቀ! እጣላዋለሁ። ግን የት ሄጄ?»

ጣይቱ አጥንቱን አወጣችና አገላብጣ አየችው። «ይሄን ይዤ ብሄድ ኖሮ አገር ይስቅብኝ ነበር» አለች። ትንሽ ቆይታም፣ «አቅፌው ተኝቻለሁ እኮ፣ አገሬ» አለች፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ከደረቷ ወጣ። አገርነሽ ሄዳ ትከሻዋን ያዘች። ጣይቱ አልገፋቻትም።

«አሁን እኔ ማንን ልቅበር?» አለች።

«የሚቀበር የለም፣ እትዬ። የሚለቀስለት ግን አለ። ሰው እየገባ ነው፤ ይምጡ።»

ድንኳኑ ውስጥ የማለዳዎቹ ለቀስተኞች መቀመጥ ጀምረዋል። ዳልጮ መሐል ላይ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ። «ወገኖቼ፣ ሌላም ለቅሶ አለብን» አለ። «የመምህር ታናሽ ወንድም ጋሻዬ በጦርነት ሞቶ መርዶው ዛሬ ነው የተነገረው።» ከጎጃሞቹ ጥግ እሪታ ተነሣ። የመዝሙሩ ሰዎች ግራ እንደተጋቡ ተያዩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ብድግ አሉ፤ ጋሻዬ ማን እንደሆነ ሳያውቁ «ጋሻዬ» እያሉ አለቀሱ።

ጣይቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማ ወዴት እንደምትሄድ ጠፋት። አገርነሽ ፊት ለፊት ወዳለው የባለ ሐዘን ፍራሽ፣ ባሏ ከተቀበረ ጀምሮ ለማንም ወዳለቀቀችው ቦታ፣ እጇን ይዛ ወሰደቻትና መሐሉ ላይ አስቀመጠቻት። እሷ ጠርዙ ላይ ኩርምት አለች።

ከኩልፎ ዳር የመጣች ሙዝ ነጋዴ ለልዑልሰገድ ልታለቅስ ገባች። አገርነሽን ለማጽናናት ጎንበስ ስትል፣ አገርነሽ እጇን በቀስታ ያዘችና ወደ ጣይቱ እጅ አሻገረችው።