ሚኒባሱን የማናገር ጣጣ

እኔ ቶሎ ግንፍል የምል ሰው ነኝ። ቆቦ ውስጥ ይህን የማያውቅ የባጃጅ ሹፌር የለም። የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል ይሉኛል፤ ምን ላድርግ፣ የምወደው ሥራ ይህ ሆነ።

ጋሽ አራጌ ከቆቦ ጎብዬ ሰው የሚያመላልሱበት ሚኒባስ ደጄ ላይ ከቆመ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሮቢት አጠገብ ጎርፍ ገብቶበት የሞተሩ ኮምፒውተር ተቃጥሏል። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን ያገለገለ ኮምፒውተር ገጥሜለታለሁ። የቀረኝ ከሌሎቹ የመኪናው ኮምፒውተሮች ጋር ማስተዋወቅ ብቻ ነው። ሁሉም የሚነጋገሩት በሁለት የተገመዱ ቀጫጭን ሽቦዎች ነው፤ እኔም ላፕቶፔን በአንዲት ትንሽ ማገናኛ ሳጥን አድርጌ እነዚያ ሽቦዎች ላይ እገባለሁ።

እምቢ አለኝ። ሳጥኗን በለመድኩት ፍጥነት፣ በሰከንድ አምስት መቶ ኪሎቢት፣ አስተካክዬ ትእዛዝ በላክሁ ቁጥር የዳሽቦርዱ መብራት ሁሉ ባንዴ ቦግ ይልና መኪናው ዝም። ደግሜ ላክሁ። ዝም። በአምስተኛው የዝናብ መጥረጊያው ብቻውን ተነሥቶ በጠራራ ፀሐይ ደረቅ መስታወት ይፈትግ ጀመር።

«ደህና ሁኚ እያለሽ ነው!» አለ ነጅሙዲን።

ነጅሙዲን ሥራ ያስተማረኝ ሰው ነው፤ ጋራዡም ከእኔ ቀጥሎ ነው። ከእሱ ወጥቼ የራሴን ከከፈትኩ ስምንት ወር ሲሆነኝ፣ ስምንቱንም ወር «ላፕቶፕ ይዛ መኪና ታጫውታለች» እያለ ሲያስቅብኝ ከርሟል። ጋሽ አራጌ ደግሞ ቁርጡን ነግረውኛል፦ መኪናው እስከ ዙሁር ሶላት፣ እስከ ቀትር፣ ካልተነሣ ነጅሙዲን ሽቦዎቹን ቆርጦ በራሱ መንገድ ያገናኛቸዋል። ያኔ መኪናውም አበቃለት፣ እኔም አበቃልኝ። ከዚያ በኋላ የትኛው ባለመኪና እኔ ጋ ይመጣል? ይኸው ሰውዬው ፒንሳውን ይዞ ቆሟል።

ጋሽ አራጌ መጥተው እጄን ያዙ።

«ጀዊሪያ ልጄ፣ እንዴት አደርሽ? ሰላም ነሽ ወይ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«እናትሽስ እንዴት…»

«ደህና ናት! ወንድሞቼም ደህና ናቸው፣ ከብቱም ደህና ነው፣ ማሽላውም ደህና ነው!»

እጄን አልለቀቁም። «ኧረ ቀስ በይ! ጠይቄ ሳልጨርስ የምትመልሺው ምኑን ሰምተሽ ነው?»

ነጅሙዲን ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ላፕቶፑን አስፋልት ላይ ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝ። ግን ሽማግሌው እውነታቸውን ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ያን መኪና አንዴም አልሰማሁትም። ኮምፒውተሮቹ እያወሩ እኔ መሃል ገብቼ፣ ያውም በማያውቁት ፍጥነት፣ ስለፈልፍ ነው የዋልኩት።

ተቀመጥኩ። ሳጥኗን ምንም ሳትልክ እንድታዳምጥ ብቻ አዘዝኳት። አምስት መቶ ላይ ዝብርቅርቅ ነው። መቶ ሃያ አምስት ላይም ያው። ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ ሳደርጋት ቁጥሮቹ ሰልፋቸውን ይዘው ወረዱ፤ አንዴ ፍሬኑ፣ አንዴ በሩ፣ አንዴ ዳሽቦርዱ።

«እያወሩ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ጋሽ አራጌ፣ እያወሩ ነው!»

«ምን ይላሉ?» አሉ፣ ከልባቸው ተጨንቀው።

ሳጥኗን በእነሱ ፍጥነት አስተካክዬ፣ ጸጥ እስኪሉ ጠብቄ አዲሱን ኮምፒውተር አስተዋወቅኳቸው። ቢስሚላህ ብዬ ቁልፉን አዞርኩ። በአንድ ጊዜ ተነሣ! አዛኑ የተሰማው ገና ከመቀመጫው ሳልወርድ ነው።

«ማሻአላህ!» አሉ ጋሽ አራጌ። ሰግደው ተመለሱና እኔን እንኳ ዞር ብለው ሳያዩ «ጎብዬ! ጎብዬ!» እያሉ ይጣሩ ጀመር። ሦስት ሰው ገባላቸው። አላፍርም፣ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት።

ነጅሙዲን አሁንም አልሄደም። ቀልዱን ጠበቅሁ፤ መልሱንም አፌ ላይ አዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን ፒንሳውን ኪሱ ከተተና አንድ አሮጌ ጎማ አንከባልሎ ላፕቶፑ አጠገብ አጋደመው። አምስት ዓመት ሥሩ ስሠራ ያ ሰው ከማንም ምንም ሲጠይቅ አላየሁም።

ጎማው ላይ ተቀመጠና «በይ ከመጀመሪያው አሳዪኝ» አለኝ።