የማጠፊያው ክርን

በአናጢነት ጥርሱን የነቀለ ሰው ነው። በር ሲገጥም እጁ የተባረከ ስለሆነ ሰፈሩ «ማጠፊያው» ይለዋል። ከመሰላል ወድቆ የቀኝ ክርኑ ሲሰበር ያዘነው ሁሉ «የማጠፊያው ማጠፊያ ተሰበረ» እያለ ነበር ያዘነው።

ጄሶው ሲፈታ ፊዚዮቴራፒስቷ ሁለት ነገር አዘዘችው፤ ክንዱን ማጠፍና መዘርጋት፣ መዳፉን ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ማገላበጥ። ሁለተኛውን ከቁብ አልቆጠረውም። ለእሱ ክርን በር ነው፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አለቀ። መዳፍ የሚያዞረው የእጅ አንጓ ነው፣ አንጓው ደግሞ ደህና ነው፤ ደህናውን ምን ብሎ ያለፋዋል? ጠዋት ማታ ሲያጥፍ ሲዘረጋ ከረመ። ሚስቱ ባጠገቡ ስታልፍ «ሲጥ ሲጥ እንዳይል ዘይት ላድርግልህ?» ትለዋለች።

ሥራ የጀመረ ለት የቁም ሳጥን በር ሊገጥም ካቻቢቴውን ጨበጠ። ብሎኑን ወደ ግራ ሲያዞረው ይፈታል፤ ወደ ቀኝ ጠበቅ ሊያደርገው ሲል ግን እጁ መንገድ ላይ ይቆማል። ትከሻውን አጋደለ፣ ወገቡን አጣመመ፣ ምላሱን ሳይቀር አወጣ፤ ወይ ፍንክች!

«መፍታት እንጂ ማሰር የማይችል አናጢ ሆንኩልሽ» አላት ቤት ገብቶ። ሊቀልድ ነበር፣ ግን ራሱም አልሳቀ። ይሄ እጅ ከቀረ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፤ ፈርቷል።

«እስኪ መዳፍህን ዘርጋ» አለችና ብሎን አስቀመጠችበት። መዳፉ ወደ ላይ አልዞር ስላለ ብሎኑ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ቃ አለ።

«ልጅቷ የነገረችህን ሁለተኛውን ሠራኸው?»

«እሱማ የአንጓ ሥራ ነው እኮ…»

«አይ አናጢ!» አለች። በማግስቱ እየጎተተች ወሰደችው።

ፊዚዮቴራፒስቷ አልተቆጣችም። የሚስቱን ክርን አጥፋ፣ ከውጭ በኩል ካለችው ጉብታ ዝቅ አድርጋ የእሱን ጣት አስነካችው። «እትዬ፣ መዳፍዎን ይገልብጡልኝ።»

ከጣቱ ሥር፣ ከቆዳው ውስጥ፣ አንድ ክብ ነገር ዞረ። ደንግጦ እጁን ሰበሰበ፤ ወዲያው መልሶ ነካው። «እንደገና! እስኪ እንደገና!»

«በትንሿ ጣት በኩል ያለው አጥንት እንደ እርስዎ በር ነው፣ ይታጠፋል» አለችው። «በአውራ ጣት በኩል ያለው ግን ጫፉ ክብ ነው። እዚሁ ክርንዎ ላይ ይሽከረከራል።»

«ብሎኑስ የት ነው?»

«ብሎን የለውም። ጅማት እንደ ቀለበት አቅፎት ነው የሚዞረው። ጋሼ፣ ሳይሠሩት ብዙ ቆይተዋል፤ ከሠሩበት ይመለስ ይሆናል፣ ቃል ግን አልገባም።»

መንገድ ላይ መላ ሰውነቱ ጥያቄ ሆነ። ስንት ዘመን ይሄን ክንድ ይዞ ሲሄድ፣ ውስጡ የሚዞር ነገር እንዳለ እንዴት ሳያውቅ ኖረ? «እስኪ ገልብጪው» ይላታል በየማዕዘኑ። «ኧረ ሰው ያየናል!» ትለዋለች፣ ግን ትገለብጣለች።

ከዚያ ወዲህ ሥራው የሁለት ሰው ሆነ። ትከሻው እንዳያጭበረብር ክርኑን ከጎድኑ ጋር አጣብቃ ትይዘዋለች፣ ብሎኑን መዳፉ ላይ ታስቀምጣለች፣ ይወድቃል፣ ታነሳለች። አንዳንድ ቀን ያመውና ይሳደባል። ብሎኑን ነው የሚሳደበው።

አንድ ቀን እንደ ልማዷ አስቀመጠችለት። ሁለቱም ያንን ቃ የሚል ድምፅ ጠበቁ። አልመጣም። ብሎኑ መዳፉ መሃል ጋደም ብሏል።

«እንዳትነቃነቅ» አለችው፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ካቻቢቴውን ላምጣ።»