የሙዓዝ ቁስል

መቀሱን ከፈላው ውሃ በማንኪያ እያወጣሁ ነበር። ታላቅ ወንድማችን ሙነወር ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መጥረቢያ በሞረድ ይስላል።

«ሙዓዝ ከሞተ ሽታው ቅዳሜን አያያትም» አለ ዞር ሳይል።

ሽታው ጎረቤታችን ነው። ከዘጠኝ ቀን በፊት ሐይቁ ዳር በመስኖ ተራ ተጣሉና የታናሽ ወንድማችንን የሙዓዝን ባት በዶማ ተረተረው። ቤተሰቤ ሁለት ዓይነት የመድኃኒት እንክብል እየከፈቱ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሱ። ከምሠራበት የደሴ ላብራቶሪ ስደርስ እግሩ ጠቁሮ ይሸታል። ሆስፒታል ልንወስደው ስንል መንገዱ በተኩስ ተዘጋ።

«ያመጣሽው መርፌስ ለምን እንቢ አለ?» አለ ሙነወር።

«ላብራቶሪያችን ውስጥ ሁለት ባክቴሪያ ለውጠን ሠራን» አልኩት። «እያንዳንዱ የሚሰብረው አንድ መድኃኒት ብቻ ነው። ለየብቻ ሁለቱንም መድኃኒት ስናጠጣቸው ያልቃሉ። አንድ ሳህን ላይ አብረው ሲሆኑ ግን መድኃኒቱ የነካው ባክቴሪያ ንጥረ ነገር ይረጫል፣ ሌላው ያን ሲቀምስ መድኃኒቱን ሰብሮ ይደርስለታል። አንዳቸውም አይሞቱም። እዚህ ቁስል ውስጥ ያሉትም እንደዚያው ተሰባስበዋል። ሰፈራቸውን ቆርጦ መጣል ነው።»

«ትችያለሽ?»

«አምስት ዓመት ነርስ ነበርኩ። ማደንዘዣው ግን ትንሽ ነው። የሚይዙት ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ።»

ሽታው ጀሪካን ይዞ አጥሩ ጋ ቆሟል። ሽማግሌዎች የበሽተኛውን ውሃ እንዲያመጣ ፈርደውበታል።

«ግባ» አልኩት።

ሙነወር መጥረቢያውን ይዞ ተነሳ። «እሱ?»

«ብቻህን ትይዘዋለህ?»

መጥረቢያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

ሙነወር የሙዓዝን እግር፣ ሽታው ትከሻውን ያዙ። ጥቁሩ ሥጋ ከነመግሉ ተቆርጦ ሲወድቅ ሙዓዝ ጮኸ። ጠለቅ ስል ማደንዘዣው አልደረሰም። ቀና ብሎ የሽታውን ክንድ በጥርሱ ያዘ።

«ንከሰው፣ ጨምርለት!» አለ ሙነወር።

«ይጨምር» አለ ሽታው። ደሙ የሙዓዝ ጢም ላይ ይወርዳል፤ ክንዱን ግን አላነሳም።

አጥንቱ ጋ እስክደርስ ቆረጥኩ። ትኩስ ደም ፊቴ ላይ ተረጨ።

«ምንድን ነው?» አለ ሙነወር ደንግጦ።

«ቀይ ነው። ጤነኛ ሥጋ ነው። አሁን መድኃኒቱ ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ።»

ቅዳሜ ጠዋት የሙዓዝ ትኩሳት ወረደ፤ ሾርባ አምጡ አለ። ሽታው ውሃውን ሲያደርስ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩትና የተነከሰ ክንዱን በሳሙና አጠብኩ።

«የሰው አፍም በባክቴሪያ የተሞላ ነው» አልኩት።

«የናንተ ቤት ደግሞ ጥርሱም መጥረቢያ ነው» አለ ሽታው እየሳቀ።

ሙነወር አልሳቀም። ክንዱን አስሬ ስጨርስ የተረፈውን ጨርቅ ከእጄ ወሰደ፣ የመጥረቢያውን ስለት ጠቀለለበትና ጣሪያው ስር ሻጠው።