ዙሐል እስኪወጣ

እማዋይሽ ልጇን ለጎረቤት የሰጠችው ገና እትብቷ ሳይደርቅ ነው። ልጅ ጠልታ እንዳይመስላችሁ። ከዚያች ልጅ በፊት ሦስት ወልዳ ሦስቱንም ቀብራለች። አንዱ ጥርስ ሳያበቅል፣ አንዷ መዳህ ስትጀምር፣ የመጨረሻው ደግሞ አፉን ፈትቶ "እማ" ማለት በጀመረ ሰሞን። እሷን የጎዳት ይሄ የመጨረሻው ነው። ለሰው ባትናገርም፣ ያቺን "እማ" ድጋሚ ለመስማት ስትል ነው አራተኛውን የጸነሰችው።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፣ እዚሁ ሰቆጣ። ባሏ ተስፋው ጨው ነጋዴ ነበር፤ አሞሌ በበቅሎ እየጫነ ካንዱ ገበያ ወዳንዱ ሲል አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። የእርግዝናዋን ነገር ሲሰማ ጭነቱን እንኳን በደንብ ሳያራግፍ ቀጥታ የኔታ ገብረ ጻድቅ ጋ ሄደ። የኔታ ገብረ ጻድቅ ኮከብ ይቆጥራሉ፣ የሚቀድማቸው የለም ይባል ነበር። የእማዋይሽን ስምና የእናቷን ስም ጠየቁት። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው አይደል? ደመሩት፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለቱን እየገደፉ ጣሉና የተረፈውን አዩ።

"ኮከቧ ጀዲ ነው" አሉ። "የጀዲ ጌታ ደግሞ ዙሐል ነው። ከሰባቱ ዘዋሪ ከዋክብት ከሁሉም በላይ፣ ከሁሉም ርቆ የሚቀመጠው እሱ ነው። ሲሄድም እንደ ሽማግሌ ነው፤ አንድ ቤት ከገባ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ አይወጣም። አሁን ያለው የልጆቿ ቤት ውስጥ ነው።"

ተስፋው፣ የሞቱትስ ያኔም እዚያው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ያኔ ከሩቅ ሲያያቸው ነበር፣ አሁን ነው የገባው አሉት። ተስፋው ደነገጠ። ማስወጣት አይቻልም ወይ አለ፣ ልክ እንደ ክፉ ተከራይ።

የኔታ ሳቅ አመለጣቸው። "አንተ በቅሎ ነጂ፣ ይሄ በጅራፍ የሚሄድ መሰለህ?"

ግን መላ አልጠፋቸውም። የሚወለደው ልጅ በእማዋይሽ ስም እንዳይጠራ፣ ሌላ እናት ትያዘው፣ ታጥባው፣ እሷን "እማ" ይበላት አሉ። ዙሐል የእማዋይሽን ልጅ ብሎ ሲመጣ የሚያገኘው ልጅ አይኖርም። ከቤቱ የወጣ ቀን ልጃችሁን ትወስዳላችሁ። እስከዚያ ግን እማዋይሽ በጨዋታም ቢሆን እናቱ ነኝ እንዳትል።

ሴት ተወለደች። ጸሐይነሽ አሏት።

እንግዲህ እናት የሆነችው ሸምሲያ ናት፤ የጨርቅ ነጋዴው የሰላሕ ሚስት፣ በራቸው ፊት ለፊት ነው። እሷም በዚያው ወር ወንድ ልጅ ወልዳ ጡቷ ሙሉ ነበር። ሰዉ፣ ምነው ክርስቲያን ጠፍቶ ነው ወይ ብሎ አምቷል። እማዋይሽ ግን ዙሐል እስላም ቤት ገብቶ የኔን ልጅ አይፈልግም ብላ ነው ያሰበችው። ሸምሲያም ብዙ አላወራችም። "አምጪያት፣ ለሁለት ይበቃል" አለች። በቃ። እማዋይሽ ደፉ ላይ ቆማ ሰጠቻትና ዞራ ሳታይ ገባች።

ሸምሲያ ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ አደራ የምታውቅ ሴት ናት። በሰማንያ ቀኗ ልጅቷን ታቅፋ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር አድርሳ ለክርስትና እናቷ አስረከበች፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማ ጠበቀች። እማዋይሽ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር እንደ ማንም ሰው ቆማ ነበር። የልጅቷ ማተብ በተበጠሰ ቁጥር ጥቁር ክር ገምዳ የምታስርላት ሸምሲያ ናት። የሥጋው ነገርም አለ፤ የእስላም እርድ ለክርስቲያን አይሆንም። ስለዚህ ለፋሲካ፣ ለገና፣ እማዋይሽ በትንሽ ድስት የልጅቷን ድርሻ ትልካለች። ድስቷ ለብቻዋ ነበረች፣ ሸምሲያ ሌላ ነገር አታበስልባትም።

ልጅቷ አፏን ስትፈታ ሸምሲያን "እማ" አለች፣ እማዋይሽን "እትዬ"። ተስፋውን ደግሞ ሲመጣ የጨው ስባሪ ስለሚያስልሳት "ጋሼ ጨው" አለችው። እሱ ይስቃል። እማዋይሽም ትስቃለች፣ ከዛ ጓሮ ትሄዳለች።

ሁለት ዓመት ተኩሉ ሞላ። እማዋይሽ ነጠላዋን አጥባ የኔታ ጋ ሄደች። ወጥቷል፣ ግን ፊቱን አዙሯል አሏት። ዙሐል አንዳንዴ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የወጣበትን ቤት ተመልሶ ሊገባ ይችላል፤ ቀጥ ብሎ ሲሄድ እነግርሻለሁ አሉ። ጠበቀች። ከመስቀል በኋላ ሄደች፣ ትንሽ ቆዪ አሏት። በጥምቀት ሄደች፣ ትንሽ ቆዪ። ከዛ በክረምት የኔታ ታመሙና ሞቱ።

እማዋይሽ ለቅሶው ላይ እንደዚያ ስታለቅስ ሰዉ ገርሞት፣ ዘመዷ ነበሩ እንዴ ብሏል። ኧረ ዘመዷ አልነበሩም። ዙሐል ቀጥ አለ የሚላት ሰው ነው የሞተባት።

ተስፋው ታገሠ፣ ታገሠና ልጅቷ አምስት ዓመት ሲያልፋት ሰለቸው። ዛሬ ሄጄ አመጣታለሁ አለ። እማዋይሽ በሩ ላይ ቆመችበት። ተምሮ የሚያውቅ ሰው ወጥቷል ሳይለኝ አንተ አታመጣትም አለች። ደሃና ውስጥ የኔታ ወልደ ሐዋርያት የሚባሉ ቆጣሪ አሉ ሲባል ሰምታለች፤ ተስፋው ለጨው ሲወጣ እሷ ከገበያ ከሚመለሱ የደሃና ሰዎች ጋር በእግሯ ወጣች።

ከመሄዷ በፊት ለሸምሲያ ነገረቻት። ሸምሲያም ከባሏ ሱቅ ቀይ አበባ ያለበትን ጨርቅ አስቀድዳ ለልጅቷ ቀሚስ መስፋት ጀመረች። ቤቷ ስትገባ አዲስ ለብሳ ትግባ፣ ያቺ ናት እናትሽ ብዬ እኔው በእጄ አስገባታለሁ አለች። ይሄን ስትል መርፌውን እያየች ነው እንጂ ቀና አላለችም።

የደሃናው የኔታ ሽማግሌ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ ግን ቆጥረው ሳይጨርሱ ፊታቸው ፈካ።

"ልጄ፣ ዙሐል ከልጆችሽ ቤት ከወጣ ስንት ጊዜው። ማን ነው እስካሁን ያስጠበቀሽ?"

እማዋይሽ መሬቱን ሳመች። የማርያም ስጦታ ምናምን እያለች ስታለቅስ፣ እሳቸው ደግሞ በደግነታቸው፣ እንግዲያ የሕፃኗንም ልይልሽ አሉ። ባይሉ ይሻል ነበር። የጸሐይነሽን ስም ከእማዋይሽ ጋር ደመሩና ገደፉ። ቀና ብለው፣ እስካሁን እማ የምትለው ማንን ነው አሉ። ሸምሲያን አለች። የሸምሲያን ስም ከልጅቷ ስም ጋር ደምረው እንደገና ገደፉ።

"በሸምሲያ ስም ቀውስ የሚባለው ኮከብ ነው የሚወጣላት" አሉ። "የቀውስ ጌታ መሽተሪ ነው። መሽተሪ ያለው ሰው የያዘው ይበረክትለታል፣ የወለደው ያድግለታል።"

"በእኔስ?"

"ባንቺ ጀዲ ነው። እንዳንቺው።"

"ወጥቷል አላሉኝም?"

"ካንቺ ልጆች ቤት ወጥቷል። እዚያ እንግዳ ነበር፣ እንግዳ ይሄዳል። ለልጅቷ ግን ባንቺ ስም ከተጠራች የቤቱ ጌታ ነው የሚሆንባት። ጌታ ከቤቱ ወዴት ይሄዳል?"

ያን ጊዜ ነጠላዋን ሰብስባ ልትነሳ ስትል አይተው ደነገጡ። ዙሐል ያለበት ሁሉ ይሞታል ማለት አይደለም፣ እኔ ራሴ ዙሐል ነኝ፣ ይኸው ሰማንያ ሊሞላኝ ነው አሉ። ሰውየው ይኖራል፣ ኑሮው ነው የሚከብደው፤ ደስታው ይዘገያል፣ የያዘው ቶሎ ይወድቅበታል። ልጆቹስ ብላ ጠየቀች። እሱን አላውቅም፣ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው አሉ። ውሰጂያትም አላሉ፣ ተያትም አላሉ።

ያንን ሁሉ መንገድ ከገበያተኞች ኋላ እየተጎተተች ተመለሰች። አብረዋት የነበሩት ሰዎች አሟት መስሏቸው በአህያ ልናስቀምጥሽ ብለዋት ነበር። እሷ የምታስበው ስለ ልጅቷ መሞት አልነበረም። ጸሐይነሽ አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ አንድ ቀን እንደሷ ትንሽ ሬሳ ታቅፋ ስትወጣ ነው የታያት።

ሰቆጣ ስትደርስ ሸምሲያ በሩ ላይ ናት። ከሩቅ አይታት ነው የወጣችው።

"ወጣ?" አለቻት።

"አልወጣም።"

ሸምሲያ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። መውጣቱን ፈርታ ስትጠብቅ የሰነበተች ሴት፣ አለመውጣቱን ስትሰማ ምን ፊት እንደምታሳይ ጠፋት። "እስከ መቼ አሉሽ ታዲያ፣ እህቴ?"

"አይታወቅም። ከእንግዲህ አልጠይቅም። ልጅሽ ናት፣ ሸምሲያ።"

ሸምሲያ ያልነገረቻት ነገር እንዳለ ገባት። እጇን ያዘቻት። ተስፋውም ከጨው መንገድ ሲመለስ የተነገረው ይሄው ነው፤ አልወጣም። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም፤ ሁለተኛ ያንን ነገር ሲያነሳም ማንም አልሰማውም።

ያን ቀን ግን እማዋይሽ የሸምሲያን እጅ ለቃ ልትገባ ስትል ጸሐይነሽ ከውስጥ እየሮጠች መጣች። ቀይ አበባ ያለበትን ቀሚስ ለብሳለች። እማዋይሽ ፊት ቆማ እንድታያት ዞረች።

"እትዬ፣ እይ! ያምራል?"

"ያምራል። ማን ሰፋልሽ?"

"እማ ናታ!"

እማዋይሽ ጎንበስ ብላ የቀሚሱን ጠርዝ አቧራ አራገፈችላት። "በይ ወደ እማሽ ግቢ" አለቻት። "አዲስ ነው፣ እንዳይቆሽሽብሽ።"