ድቡ ጋ እንገናኝ

ኑሪያ ድቡን ደግማ ዞረችው። በኋላ እግሮቹ ቆሞ ዛፉን የተደገፈው የነሐስ ድብ እንደ ሁልጊዜው በሰው ተከቧል። ቱሪስቶች ለዕድል ብለው ተረከዙን ይዳብሳሉ፣ ቀይ የገና ቆብ ያደረጉ ወጣቶች ጓደኞቻቸውን ይጠብቃሉ። ሰማያዊ ካፖርት የለበሰች፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ግን በመካከላቸው የለችም። እናቷ የለችም።

ከቀጠሯቸው አንድ ሰዓት ሊያልፍ ነው። የሶል አደባባይ በገና ሰሞን ቅዳሜ ምን እንደሚመስል ኑሪያ አሳምራ ታውቃለች፤ የማድሪድ ሰው ሁሉ ሌላ መዋያ ያጣ ይመስል እዚህ ይጎርፋል። ይህን እያወቀች ነው እናቷ ብቻዋን በሜትሮ ባቡር እንድትመጣ የተስማማችው። አሁን ራሷን ትረግማለች።

ስልኳ ጮኸ። ታላቅ ወንድሟ ጎንሳሎ ነው። ካራባንቼል ሰፈር ወዳለው የእናታቸው ቤት ሄዶ እንዲያይ ልካው ነበር።

“ቤት የለችም” አለ፣ ሰላም እንኳ ሳይላት። “ስልኳ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ስትደውይ የዋልሽው ለጠረጴዛው ነው።”

“ጎረቤቷን ጠየቅካት?”

“ጠዋት ሊፕስቲኳን ተቀብታ፣ አምሮባት ወጣች አለችኝ። ስንት ጊዜ ነገርኩሽ ኑሪ? ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ነው እኮ!”

“አሁን እሱን ተወው።”

“አልተወውም። የአረጋውያን መኖሪያው መልሳችንን የሚጠብቀው እስከ ሰኞ ነው። እንፈርም ስልሽ፣ ‘ገና ራሷን ትችላለች’ ብለሽ የተከራከርሽው አንቺ ነሽ። ይኸው፣ ስትችል እያየን ነው!”

ባለፈው ወር ምሳ ላይ እናቷ አንዱን ወሬ ጨርሳ እንደ አዲስ ስትጀምረው፣ ጎንሳሎ በጠረጴዛው ሥር ኑሪያን በእግሩ ጎሸም አድርጓት ነበር። እሷ ግን ምንም እንዳልገባት ሆና ሾርባዋን ጠጣች። ያን ቀን ወንድሟን ጨካኝ ብላው ነበር፤ አሁን ግን ልክ ሳይሆን አይቀርም የሚል ሐሳብ መጣባት።

ስልኩን ሳትዘጋ አጠገቧ የቆመውን ወጣት ፖሊስ ጠየቀችው። “ይቅርታ፣ እናቴ ጠፍታብኝ ነው።”

“አይዞዎት። ምን ለብሰዋል? የመርሳት ችግር አለባቸው?”

“የለባትም” አለች ቶሎ ብላ። ከዚያ ደግሞ፣ “እንጃ” አለች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ እናቷን አሳልፋ የሰጠቻት መሰላት።

ፖሊሱ በሬዲዮው ሲነጋገር ጎንሳሎ ቀጠለ። “ቦታውን ተሳስታችሁ እንዳይሆን?”

“ድቡ ጋ እንገናኝ ያለችው ራሷ ናት።”

“ያው ልማዷ ነው። አባባንም እዚያው አይደል ስትጠብቀው የኖረችው? ሱቁን እስኪዘጋ ዝናብ ቢያወርደውም ንቅንቅ አትልም ነበር። እሱ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ እያያት፣ ‘ዘበኛዬ ዛሬም ተረኛ ናት’ እያለ ይስቅባት ነበር።”

ኑሪያ ቀና አለች። የአባቷ የጓንት ሱቅ የነበረው ካርመን መንገድ መግቢያ ላይ፣ በአደባባዩ ሌላ ወገን ነው። ድቡ ሥር ሆና ወደዚያ አየች። የፈረሰኛው ንጉሥ ሐውልትና የሰው ጭንቅላት ብቻ ነው የሚታየው። ከዚህ ሆኖ የሱቁን በር ማየት አይቻልም፤ ከበሩም ሆኖ እዚህ የቆመን ሰው ማየት አይቻልም።

ድቡ ያኔ እዚህ አልነበረም! ብዙ ዓመት ካርመን መንገድ አፍ ላይ ቆሞ ኖሮ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ወደ ጥንቱ ቦታው የመለሰው አባቷ ከሞተ በኋላ ነው። ኑሪያ በየቀኑ በዚህ ስለምታልፍ የድሮውን ረስታዋለች። እናቷ ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ወደ ሶል መጥታ አታውቅም።

“ጎንሳሎ፣ ቆይ” ብላ ሮጠች። ሰው እየገፋች፣ ይቅርታ እየጠየቀች፣ የፊኛ ሻጩን ክር በጣጥሳ ልትሄድ ለጥቂት ተርፋ፣ በፈረሰኛው ንጉሥ ሐውልት ሥር አለፈች። ካርመን መንገድ በበዓሉ ግርግር ምክንያት ለእግረኛም አንድ አቅጣጫ ሆኗል፤ ወደ አደባባዩ መውረድ እንጂ መውጣት የለም።

“እህት፣ በዚህ መግባት ክልክል ነው!” አላት አንድ ሌላ ፖሊስ።

“አልገባም! እዚችው ጋ ነኝ!”

ሰው እንደ ጎርፍ እየወረደ አንድ ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈላል። መካከሉ ላይ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰችው እናቷ ኡላልያ ቆማለች።

“እማዬ!”

“መጣሽ? እግሬ እስኪገነጠል አስቆምሽኝ እኮ! የአባትሽ ልጅ መሆንሽ እንዲህ ጊዜ ነው የሚታወቀኝ።”

ኑሪያ አቅፋት አለቀሰች።

“ምነው? ምን ሆነሻል? ሰው ያየናል።”

“ድቡ እኮ እዚህ አይደለም፣ እማዬ።”

“ዓይን የለኝም እንዴ? ጠይቄ ወዲያ ማዶ ነው ብለውኛል።”

“ታዲያ ለምን አልመጣሽም?”

“እኔ ወደዚያ ስሄድ አንቺ ወደዚህ ብትመጪስ? ስንዞር ልንውል? እኔ የቀጠርኩት አንቺን ነው፣ ድቡን አይደለም። እሱ ከፈለገ ይሂድ።”

ኑሪያ እያለቀሰች ሳቀች። “ስልክሽስ?”

“ረሳሁት። አንቺ ባለፈው ሳምንት ቁልፍሽን እኔ ቤት ረስተሽ ሄድሽ። መጦሪያ ላስገባሽ አልኩ?”

“ማን ነገረሽ?”

“ጎንሳሎ ሲያንሾካሹክ እስከ ምድር ቤት ይሰማል።”

ስልኩ ለካ አልተዘጋም። “እማዬ ናት?” ይላል ጎንሳሎ። “ኑሪ፣ የእማዬ ድምፅ ነው?”

“እሷው ናት። የቆመችው ቦታዋ ላይ ነበር፤ ሌላ ቦታ የቆምኩት እኔ ነኝ።”

ጎንሳሎ አፍንጫውን ሲስብ ተሰማት። በኋላ ግን ቀስ ብሎ፣ “የሰኞውስ?” አላት።

“ቦታውን ለሚፈልገው ይስጡት በላቸው።”

እናትና ልጅ ፕላሳ ማዮር አደባባይ የገና ገበያ ገብተው፣ የክርስቶስን ልደት ለማሳየት ከሚደረደሩት የሸክላ ምስሎች አንዱን መረጡ፤ ልብስ የምታጥብ ሴት። ካላማሪ የሚባለውን የባሕር ምግብ በዳቦ ቆመው በሉ። ኡላልያ የጓንት ሱቁን ወሬ ከመንገድ እስከ ምግቡ ደጋግማ አወራች፤ ኑሪያም እንደ አዲስ ሰማቻት።

ሜትሮው ደረጃ ጋ ሲደርሱ ኑሪያ ካርዷን አወጣች።

“አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?”

“ላድርስሽ ብዬ።”

እናቷ የራሷን ካርድ አውጥታ አሳየቻት።

“እሺ” አለች ኑሪያ። “የሚቀጥለው ቅዳሜ የአባባ ሱቅ ፊት፣ የድሮ ቦታሽ ላይ።” የእናቷን ክንድ ለቀቀች። ካርዷን ወደ ቦርሳዋ መለሰችና፣ ሰማያዊው ካፖርት ደረጃውን ወርዶ እስኪሰወር ቆማ አየችው።